ጥያቄና መልስ፦ ከካያክ ላይ ሆኖ ፍላውንደር ማጥመድ በኦሽን ሲቲ የውስጥ ውኃዎች

ጠያቂ፦ ጣና ማዶ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ፍላውንደር የተባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ ከካያክ ላይ ሆናችሁ የምታጠምዱ ካላችሁ ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። ባሕር ዳር ተወልጄ ስላደግሁ ታንኳም ሆነ መንጠቆ አዲስ አይሆኑብኝም። ይሁን እንጂ ጣና ላይ ቆሮሶና አምባዛ ማጥመድ አንድ ነገር ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ በሚጎድል የጨው ውኃ ላይ፣ አሸዋ ለብሶ የተኛ ዓሣ መፈለግ ደግሞ ሌላ ነገር ሆኖብኛል።

ካያኬ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት፣ 10 ጫማ ርዝመት ያለው፣ በእጅ የሚቀዘፍ ነው። የምወጣው ከኦሽን ሲቲ ከተማ በስተጀርባ ባለው በአይል ኦቭ ዋይት ቤይ ሲሆን፣ ወደ ክፍቱ ውቅያኖስ ወጥቼ አላውቅም። ነፋስ ሲነሣ ካያኩ ከምፈልገው በላይ ስለሚፈጥን ክሩን የሚያሰምጠው የብረት እርሳስ መሬት መንካቱን ያቆማል፤ እርሳሱን ባከብደው ደግሞ ሣርና አረም እየጎተተ ይወጣል። አልፎ አልፎ በዘንጉ ጫፍ ላይ ቶክ የሚል ነገር ይሰማኛል፤ ወዲያው ስስበው ግን መንጠቆው ላይ ያደረግሁት የስኩዊድ ቁራጭ ግማሹ ተበልቶ ይመጣል። እስካሁን ከያዝኋቸውም አብዛኞቹ ከተፈቀደው ርዝመት ያነሱ ፍላውንደሮች፣ ወይም ሲ ሮቢን የሚባሉት ክንፋሞቹ ዓሦች ናቸው።

እንግዲህ የካያኩን አካሄድ በምን ልግታው? ዓሣው ሲነካ መቼ ልሳብ? ከሙላቱና ከጉድለቱ የትኛው ሰዓት ይመረጣል? አንድ ወዳጄ ትልልቆቹ ያሉት ውኃው ወደ ውቅያኖስ በሚወጣበት በር ላይ ነው ብሎ እዚያ እንድሄድ መክሮኛል፤ በእንዲህ ያለ ካያክ ይደፈራል ወይ?

መልስ፦ የዕለት ቀዛፊ (ሳልስበሪ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ወንድሜ ጣና ማዶ። ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ሥሩ የካያኩ አካሄድ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ፍላውንደር አድፍጦ የሚበላ ዓሣ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በግራ ጎኑ በኩል ስለሆኑ፣ በነጩ የቀኝ ጎኑ ተኝቶ፣ አሸዋውን ላዩ ላይ ነስንሶ፣ ፊቱን ወደ ፍሰቱ መልሶ ውኃው የሚያመጣለትን ትንንሽ ዓሣ ይጠባበቃል። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ መንጠቆውን ከፍሰቱ ጋር፣ መሬቱን እየነካ፣ ዓሣው ተነሥቶ ሊደርስበት በሚችል ፍጥነት በፊቱ ማሳለፍ ነው። ነፋስና ፍሰት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ካያኩ ይከንፋል። ሲጻረሩ ደግሞ ወይ ባለበት ይቆማል፣ ወይ ነፋሱ አይሎ ከፍሰቱ ተቃራኒ ይነዳዋል፤ ያን ጊዜ መንጠቆው ለዓሣው የሚደርሰው ከኋላው ነው። በመሆኑም ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የነፋሱን ትንበያና ኖዋ የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። በሰመር ከቀትር በኋላ ከደቡብ በኩል ነፋስ መነሣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ጥሩው ፍሰት ማለዳ ላይ የሚውልበትን ቀን መምረጥ ብዙ ድካም ያተርፋል።

ፍጥነትዎን በስልክዎ ጂፒኤስ ይለኩት። በሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ ካለፈ ድሪፍት ሶክ የሚባለውን፣ ውኃ ውስጥ ተነፍቶ ካያኩን ወደኋላ የሚይዝ የጨርቅ ከረጢት ይጠቀሙ፤ ለእርስዎ ካያክ አፉ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ትንሹ ይበቃል። ገመዱን ከካያኩ አንድ ጫፍ ላይ ያስሩት እንጂ ከወገቡ ላይ አይሁን፤ በአንድ እጅ ስበው ሊፈቱት የሚችሉት ቋጠሮም ይሁን። ክርዎን ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ይጣሉት፤ በሌላው በኩል ከጣሉት ካያኩ ይሄድበትና ክሩ ከሆዱ ሥር ይገባል።

ስለ እርሳሱ፣ መሬት ለመንካት ከሚበቁት ሁሉ ቀላሉን ይምረጡ። ከሁለት እስከ አራት ሜትር ጥልቀት ባለው የውስጥ ውኃ ከ10 እስከ 20 ግራም ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በሩት 50 ድልድይ አካባቢ ፍሰቱ ሲበረታ ግን 28 ግራምና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ክሩ ከውኃው ጋር ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ሠርቶ ከሄደ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ወደኋላ ከተኛ ግን እርሳሱ እየተንሳፈፈ ነው ማለት ነው። ክርዎ ናይለን ከሆነ ብሬይድ በሚባለው የተጎነጎነ ክር፣ በ10 ወይም በ15 ፓውንዱ፣ ይለውጡት። ብሬይድ ስለማይለጠጥ እርሳሱ አሸዋ ላይ፣ ጭቃ ላይ ወይም የኦይስተር ቅርፊት ላይ መሆኑ ጣትዎ ላይ ተለይቶ ይሰማዎታል። መጨረሻው ላይ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፍሎሮካርቦን የሚባለውን ክር፣ ባለ 20 ፓውንዱን፣ ይቀጥሉበት።

ቦታን በተመለከተ፣ ዝርግ በሆነው ሜዳ ላይ ቀኑን አያባክኑ። ጥልቁ የጀልባ መንገድ ወደ አሸዋ ደለሉ የሚወጣበትን ጠርዝ፣ እንዲሁም ውኃው ሲጎድል ከረግረጉ የሚወጡትን ጠባብ ጅረቶች አፍ ይፈልጉ። የካያክ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች መሬት እንዳይነኩ ፈርተው የሚተዉትን አንድ ሜትር የማይሞላ ውኃ እርስዎ ያለ ሥጋት ያልፉበታል። ዓሣ በነካልዎ ቁጥር ቦታውን በስልክዎ ላይ ምልክት አድርገው ወደላይ ተመልሰው ይቅዘፉና ያንኑ መስመር ይድገሙት፤ አንድ ፍላውንደር በተገኘበት ሌላም አለ።

ሰዓቱን በተመለከተ ወቅቱ ይወስነዋል። በጸደይ፣ ውቅያኖሱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ በፀሐይ የሞቀው ጥልቀት የሌለው ውኃ የሚወጣበት የጉድለት ሰዓት ይሻላል። በጁላይና በኦገስት ግን የውስጡ ውኃ ሞቆ ስለሚደፈርስ፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ የሆነው የውቅያኖስ ውኃ የሚገባበትን የሙላቱን መጨረሻ እመርጣለሁ። በሰንጠረዡ ላይ የሚያገኙት የኦሽን ሲቲ መግቢያ ሰዓት ለበሩ የወጣ መሆኑንም ያስተውሉ፤ ወደ ሰሜን ወደ ውስጥ በገቡ መጠን ሙላቱ ይዘገያል፣ ከአንድ ሰዓት በላይም ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ የናሆም እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለዚያ ቶክ ስለሚለው ነገር ነው፤ ጥያቄዎ ውስጥ ዋናው እሱ ይመስለኛል።

ተበልቶ የመጣልዎትን ቁራጭ ሳያዩ አይጣሉት፤ ማን እንደነካው ይነግርዎታል። በንጹሕ ተቆርጦ ግማሹ የጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብሉፊሽ ነው፤ ያን ጊዜ ቦታ መለወጥ ይሻላል፣ ምክንያቱም ብሉፊሽ እስኪያልፍ ድረስ ማጥመጃዎን ከመጨረስ ሌላ ትርፍ አያገኙም። ከዳር ከዳሩ ተለቃቅሞ ከመጣ ሸርጣን ወይም ትንንሽ ሲ ባስ ናቸው። ሚኖ የሚባለውን ትንሽ ሕያው ዓሣ መንጠቆ ላይ አድርገው ከነበረና ሙሉውን ሳለ፣ ነገር ግን ከወገቡ እስከ ጅራቱ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ በሁለቱም ጎን ቀጫጭን የጥርስ ጭረት ይዞ ከተመለሰ፣ እሱ ፍላውንደር ነው። የሳቡት ገና አፉ ጫፍ ላይ ሳለ ነው ማለት ነው።

ፍላውንደር ምግቡን ብዙ ጊዜ ከጅራቱ ወይም ከወገቡ በኩል ነክሶ ይይዘዋል፤ ከዚያ ወደ መሬቱ ተመልሶ አፉ ውስጥ ያስተካክለውና ይውጠዋል። ስለዚህ ቶክ ሲል አይሳቡ። የዘንጉን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ አድርገው ክሩን ያላሉለት፤ ካያኩ እየሄደ ስለሆነ ካላላሉለት ከአፉ ይነጥቁታል። በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩና ክሩን ቀስ አድርገው ይወጥሩት። እርጥብ ጨርቅ የያዘ ያህል የሞተ ክብደት ከተሰማዎት ዘንጉን ረጋ ብለው፣ ነገር ግን ሳያቋርጡ ወደላይ ያንሡት። ክብደቱ ከሌለ እንደገና ወደ መሬት ይመልሱለት፤ ያልጠገበ ፍላውንደር ተከትሎ መጥቶ ሁለተኛ ሲነክስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የስኩዊዱም አቆራረጥ ልዩነት ያመጣል። ወፍራም ቁራጭ መንጠቆ ላይ መደራረብ ለሸርጣን ድግስ ነው። ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ስፋቱ ከጣት ያልበለጠ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስስ ቁራጭ ያዘጋጁና በሰፊው ጫፉ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ መንጠቆ ያሳልፉበት፤ ቀሪው በፍሰቱ ውስጥ እየተውለበለበ ይሄዳል። እየተሽከረከረ ከሄደ ክሩን ከማጠላለፉም በላይ ዓሣው ይሸሸዋል፤ ስለዚህ ከመጣልዎ በፊት ከካያኩ ጎን ውኃ ውስጥ ይዘው አካሄዱን ይዩት።

መልስ፦ ጅግ ብቻ (ዶቨር፣ ዴላዌር)

በአክብሮት እለያለሁ። ስኩዊድና ሚኖ ለሲ ሮቢን፣ ለሸርጣንና ስኬት (skate) ለሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ የተከፈተ ምግብ ቤት ነው፤ ትንንሾቹ ፍላውንደሮችም ጠልቀው ስለሚውጡት መልሶ መልቀቁ ያስቸግራል። 14 ግራም የሚመዝን ነጭ ባክቴይል ጅግ (ራሱ ከባድ የሆነ፣ ፀጉር የታሰረበት መንጠቆ) ላይ፣ አራት ኢንች ርዝመት ያለው ነጭ ወይም ቢጫማ አረንጓዴ፣ በርክሊ ገልፕ የሚባል ሰው ሠራሽ ጭራ ያድርጉበት፤ ከጅጉ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ደግሞ በአጭር ክር ሁለተኛ መንጠቆ ላይ ሌላ ጭራ ይጨምሩ። ሁለቱንም ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ እያነሡ መልሰው ይጣሉት። ከፍ አድርጎ ማዝለል አያስፈልግም፤ ዓሣው ወደላይ የሚያይ ቢሆንም ከመሬቱ ብዙ መራቅ አይወድም። በጅግ ሲያጠምዱ እህታችን ያሉት ቆጠራ አይሠራም፤ ዓሣው ምግብ አለመሆኑን ካወቀ ስለሚተፋው፣ ክብደቱ እንደተሰማዎት ወዲያው መሳብ ነው።

መልስ፦ የቀድሞ ባሕረኛ (ቨርጂኒያ ቢች፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ወደ በሩ እንድትሄድ የመከረህ ወዳጅህ ስለ ዓሣው እውነቱን ነው፤ ስለ ካያኩ ግን አላሰበበትም።

የኦሽን ሲቲ በር በኦገስት 1933 የደረሰ አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ቆርጦ የከፈተው ነው። ከጀርባ ያለው የሰፊው ውኃ አብዛኛው ክፍል በዚያ ጠባብ አፍ ይገባል፣ ይወጣል። ውኃው ሲጎድል የሚወጣው ፍሰት ከውቅያኖሱ ከሚመጣው ሞገድ ጋር ሲጋጠም፣ ሞገዱ አጥሮና ቀጥ ብሎ ባለበት ይቆማል፤ በዚያ ላይ ለቱሪስት የሚከራዩት ትልልቅ የዓሣ ጀልባዎች እየተመላለሱ ይንጡታል። በሁለቱም ወገን የድንጋይ ግንብ ስላለ ብትገለበጥ የምትወጣበት አሸዋ በቅርብ የለም። ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለሁ ከጠባብ አፍ በጉድለት ሰዓት በትንሽ ጀልባ መውጣትን አለቆቻችን አይፈቅዱልንም ነበር፤ ያውም ሞተር ይዘን። ወደ ሰሜን ያለው የኢንዲያን ሪቨር በር ደግሞ ፍሰቱ ከዚህም የከፋ ነው። ትልልቆቹ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ለመራባት ወደ ጥልቁ ሲወጡ በየበሩ መሰብሰባቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በዚያው መንገድ ከውስጥ ስለሚያልፉ፣ ከበሩ ርቀህ በጀልባ መንገዱ ጠርዝ ላይ ብትጠብቃቸውም ታገኛቸዋለህ።

እኛ ዘንድ ለካያክ የሚመቸው ሊንሄቨን የሚባለው ወንዝ ነው፤ የውስጡ ጅረቶች ከነፋስ የተጠለሉ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያወራለት የቼሳፒክ ቤይ ድልድይና ዋሻ፣ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውና በ1964 የተከፈተው፣ ምሰሶዎቹና የድንጋይ ደሴቶቹ ሥር ትልልቅ ፍላውንደር እንዳለ እውነት ነው። ይሁንና የጭነት መርከቦችና የጦር መርከቦች የሚያልፉበት ውኃ ስለሆነ፣ ከባልደረባና ከሬዲዮ ጋር እንጂ ብቻውን ለሚወጣ ጀማሪ አልመክርም።

ስለ መልሕቅ ማንም አላነሣም። ፍሰት ባለበት መልሕቅ ከጣልህ ገመዱ ከካያኩ አፍንጫ ወይም ከጭራው እንዲወጣ አድርግ፤ ከወገቡ ከሆነ ፍሰቱ ጎኑን ይዞ በቅጽበት ይገለብጠዋል። ለዚህ ሲባል አንከር ትሮሊ የሚባለው፣ በካያኩ ጎን ላይ ቀለበቱን ወደፊትና ወደኋላ የሚያንሸራትት ገመድ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ለድሪፍት ሶኩም ያገለግልሃል። ቢላዋ ደግሞ ደረትህ ላይ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን።

ላይፍ ጃኬቱን ልበሰው። ከኋላ ማሰር ለሕጉ ይበቃ ይሆናል፤ ለአንተ ግን አይበቃም። ከእኛ መካከል ዋና ሳይችል ያደገው ብዙ ነው፣ ዋናተኛውም ቢሆን ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል። ባለሙያዎች የሚሉት ልኬት እንዲህ ነው፦ ትንፋሽህን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ፣ እጅህ እየታዘዘልህ ራስህን ለማውጣት አሥር ደቂቃ፣ ራስህን እስክትስት ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ። በኤፕሪል አየሩ ሞቆ ቲሸርት ሲያስለብስህ ውኃው ገና ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ነው፤ ስለዚህ ለአየሩ ሳይሆን ለውኃው ልበስ። ፉጨት፣ ከፍ ያለ ብርቱካናማ ባንዲራ፣ ውኃ የማያስገባ የእጅ ቪኤችኤፍ ሬዲዮም ያዝ፤ ቻናል 16 ለአደጋ ጥሪ ነው። የት እንደምትወጣና በስንት ሰዓት እንደምትመለስ ለባለቤትህ ጽፈህ ተው።

ጣና ማዶ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የበሩን ነገር ትቻለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር፦ ዓሣው ካያኩ አጠገብ ከደረሰ በኋላ ራሱን እየናጠ መንጠቆውን ስለሚያስለቅቅ እንዴት ልያዘው? ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጄም አብሬህ ካልሄድሁ ብሎኛል፤ ሕጉ ምን ይላል? የተፈቀደውስ ርዝመት ስንት ነው?

የናሆም እናት፦

ስለ አያያዙ እኔ ልመልስ። ዓሣው ሲቀርብ ራሱን ከውኃው በላይ አያውጡት፤ ራሱን የሚንጠው አየር ሲነካው ነው። ጎማ መረብ ያለውን፣ እጀታው አጭር የሆነ መረብ በቅድሚያ ውኃ ውስጥ ያስገቡና ዓሣውን በጭንቅላቱ በኩል ወደ መረቡ ይምሩት፤ ቢደነግጥ የሚስፈነጠረው ወደፊት ስለሆነ ራሱ ይገባልዎታል። ከጭራው በኩል የሚከተለው ሰው ግን ሲያባርረው ይውላል። መረቡን ሳያወጡ መንጠቆውን በፕላየር ይንቀሉ፤ ጥርሱ ስለታም ስለሆነ ጣትዎን አፉ ውስጥ አይስደዱ። የሚያስቀሩት ከሆነ ሙሉውን እንደሆነ በረዶ በያዘ ቦርሳ ውስጥ ይጨምሩት፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ርዝመቱን መለካት ስለሚኖርበት ባሕሩ ላይ አይበልቱት። ቤት ሲደርሱ ከጎኑ መሐል ለመሐል በሚሄደው መስመር ላይ እስከ አጥንቱ ቀድደው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢከፍሉት ከላይኛው ሁለት፣ ከታችኛው ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ንጹሕ ሥጋ ይወጣዋል። ስስ ስለሆነ ዘይቱ ላይ ብዙ አያቆዩት፤ ለወጥ ግን ይፈርሳልና አልመርጠውም።

የዕለት ቀዛፊ፦

በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 የነበረው ደንብ በቀን አራት ዓሣ ሲሆን፣ ዝቅተኛው ርዝመት ከጃንዋሪ 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ 16 ኢንች፣ ከጁን 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ ደግሞ 17.5 ኢንች ነበር። ደንቡ በየጊዜው ስለሚለወጥ ከመውጣትዎ በፊት የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያን ገጽ ይመልከቱ፤ ቨርጂኒያና ዴላዌርም የየራሳቸው አላቸው። በካያኩ ላይ የመለኪያ ሰሌዳ ይለጥፉ፣ በዓይን ግምት ግማሽ ኢንች መሳት ቀላል ነው። ዓይኖቹ በቀኝ በኩል የሆኑና አፉ ትንሽ የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ ከያዙ ደግሞ ዊንተር ፍላውንደር የሚባለው ሌላ ዝርያ ሊሆን ስለሚችል የራሱን ደንብ ይፈልጉለት።

የቀድሞ ባሕረኛ፦

ስለ ልጅህ፣ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በእንዲህ ያለ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ መቀመጥ በሕግ ግዴታው ነው፤ የአዋቂ ሳይሆን በክብደቱ ልክ የተሠራውን ግዛለት፣ የጃኬቱን ትከሻ ይዘህ ወደላይ ስትስበው እስከ ልጁ ጆሮ ካልወጣ ልኩ ነው። ያንተ ባለ 10 ጫማ ካያክ ለአንድ ሰው ስለሆነ ጭንህ ላይ አታስቀምጠው፤ ሁለት መቀመጫ ያለው ኪራይ ኦሽን ሲቲ ውስጥ ታገኛለህ። መጀመሪያ በጁላይ፣ ውኃው ሲሞቅ፣ ደረት በማይደርስ ቦታ ሁለታችሁም ሆን ብላችሁ ገልብጡትና መልሳችሁ መውጣትን ተለማመዱ። መንጠቆና ዘንግ በዚያ ቀን አትያዙ። ፈቃድ 16 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አያስፈልገውም፤ የአንተን ግን በስልክህም ቢሆን ይዘህ ውጣ።